ባሌ ያማት ቤት

ጎንደር፣ ቁስቋም ዳገት ላይ የነበረችውን ቤታችንን የሸጥን ጊዜ የሆነውን ሳስብ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ጥርሴ አልታየም።

ቤቷን የሠራናት ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ግድግዳዋ ድንጋይና ጭቃ፣ ክፍሏ ሁለት፣ ማድ ቤቷ ከኋላ ለብቻው። ቆርቆሮዋ ጣልያን ጥሎት ከሄደ መጋዘን የተነቀለ ስለነበር የአሮጌ ሚስማር ቀዳዳ ሞልቶበታል፤ ባሌ መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ በሬንጅ ደፈነው። በዚያ ዘመን በመንደራችን ቆርቆሮ ያለው ሰው ጥቂት ነበርና በቀዳዳው አላፈርንም፤ በቆርቆሮው ኮራን እንጂ።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከእጁ ይፈጥናል። ቀኑን ሙሉ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውልና ወደ ማታ ጠጅ ቤት ጎራ ይላል። ጠጪ አልነበረም፤ አንዷን ብርሌ ይዞ እስኪበቃው ያወራባታል። ሰው ወደዚያ ጠጅ ቤት የሚሄደው ለጠጁ ሳይሆን ለእሱ ጨዋታ ነው ሲባል እሰማ ነበር። ምን እንደሚያወራ ግን አላውቅም። ቤት ሲደርስ ወሬው ሁሉ አልቆበት ራቱን በዝምታ በልቶ ይተኛል። «ምነው ለእኔ አትጫወትልኝም?» ስለው «ደከመኝ» ይለኛል።

አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አዘዞ ካለው የጦር ሰፈር የወታደር ልብስ የመስፋት ሥራ አገኘ፤ ያውም በወር ደመወዝ። ጥቂት ጊዜ ከቁስቋም አዘዞ በእግሩ ተመላለሰ። መውረዱስ ይሁን፤ ማታ ዳገቱን ሲወጣ ግን እንደ ሸክም አህያ በየመታጠፊያው እየቆመ ነው የሚደርስልኝ። እኔ ደግሞ ከአዘዞ አጠገብ ፀዳ ላይ ከአባቴ የደረሰኝ ቁራጭ መሬት ነበረኝ። ቤቷን ሸጠን እዚያ ልንሠራ ተስማማን። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ መምታት ነበረብንና ነገሩ ጥድፊያ ሆነ።

አንድ ጠና ያሉ ደላላ አመጣን። እኛም ሰፈሩም «አያ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ቤቷን ዞረው አዩና ዋጋ ጠየቁ።

«ሺህ አምስት መቶ» አልኩ።

«ሸጋ ነው። እስከ ሺህ ሦስት መቶ መውረድ ይቻላል፤ ግን እኔ ነኝ የምናገር» አሉና ከዘራቸውን ወደ ባሌ አነሡ። «እሱ አይናገር።»

«ምነው አያ?» አለ ባሌ።

«ምነው የምትለው እንኳን በዝቷል» አሉት።

በሳምንቱ ገዢ አመጡ። ከቆላው ከሳንጃ የመጣ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር ጃንጥላውን በብብቱ የያዘ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። እኔ ከዋዜማው ጀምሬ ወለሉን በእበት ለቅልቄ፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ቀብቼ፣ የኮርኒሱን አቡጀዲ አጥቤ ጠብቄዋለሁ። ከሁሉ በላይ የምኮራው በመስታወቱ መስኮት ስለነበር ብርሃኑ ደምቆ እንዲገባ መጋረጃውን ሰብስቤ አስሬዋለሁ።

ሰውዬው መስኮቱን ዞር ብሎ አላየውም። በሩንም፣ ወለሉንም አላየም። ጫማውን ጠርጎ ገባ፣ ሰላምታ ሰጠን፣ ከዚያ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል አለፈና ከግራው ጥግ ቆሞ ሽቅብ አንጋጠጠ።

«ገበቴውን የምታስቀምጡት እዚህ ነው?» አለ።

እዚያ ጥግ ላይ በክረምት እንደሚያፈስስ የምናውቀው እግዚአብሔር፣ እኔና ባሌ፣ አራተኛ ደግሞ ገበቴው ነው። ደላላውን አየኋቸው። እሳቸው ባሌን አዩት። ባሌ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«የምን ገበቴ?» አልኩ።

ነጋዴው በጃንጥላው ጫፍ የምሥራቁን ግድግዳ ቆርቆር አደረገ። «የጎረቤት ወሬ ለመስማት ያዘነበለው ይኼኛው ነው መቼም» አለ። ከዚያ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ «ሠርጉስ? ዛሬ የለም?» ሲል ጠየቀ።

«የምን ሠርግ?»

«የአይጦቹ ነዋ፣ እመይቴ። ሙሽራዋ አንድ ጊዜ ከሚዜዎቿ ጋር ከኮርኒሱ ተንሸራታ ከባለቤትዎ ጋቢ ላይ ወድቃለች ሲባል ሰምቻለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ባሌን ዞሬ ሳየው ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

«እሱማ... ጨዋታ ነው» አለ ባሌ፤ ዝም እንዲል የታዘዘውን ረስቶ።

«ከጨዋታው ውስጥ እውነቱ ስንት ነው?» አለ ነጋዴው፤ ቁጣ የለውም፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀው።

«ግማሹ ቢሆን ነው።»

«የትኛው ግማሽ?»

ባሌ ዱካ ስቦ «አረፍ በል» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ነጋዴው ሰሊጡን ይዞ ጎንደር በመጣ ቁጥር ያችው ጠጅ ቤት ከበሩ ጎን፣ ከጋኑ አጠገብ ይቀመጥ ኖሯል። ማንም ልብ አይለውም፤ እሱ ግን ይሰማል። ባሌ ደግሞ ለካ ስንት ዓመት ሙሉ ሰውን ሲያስቅ የኖረው በቤታችን ነው! ክረምት ሲገባ ጃንጥላ የምንዘረጋው ደጅ ሳይሆን ምድጃ ዳር መሆኑን፣ የቁስቋም ነፋስ በበሩ ሥር ገብቶ ብርድ ልብሱን ገፍፎት እንደሚሄድ፣ ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ የበላው ሁሉ እንደሚያልቅበት ሲያወራ ነጋዴው በጸጥታ ሲሰበስብ ከርሟል። ቤት ለመሸጥ ማሰባችንን ሲሰማ ለመመርመር መምጣት እንኳ አላስፈለገውም ነበር።

«ስምንት መቶ» አለ።

«ኧረ በማርያም!» አሉ ደላላው፤ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ከዘራውን አንሥቶ ሰጣቸው። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ባሌ ዞረና «ጨዋታህን ግን እወደዋለሁ» ብሎት ሄደ።

ያን ቀን ባሌን ዱካ ላይ አስቀምጬ ያወራውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር እንዲነግረኝ አስገደድኩት። መናገር ሲጀምር እያፈረ ነበር፤ እየቆየ ግን ሞቅ አለውና የአይጦቹን ሽማግሌዎች ድምፅ ማስመሰል ጀመረ። ልስቅ ሲቃጣኝ ከንፈሬን ነከስኩ።

«እኔንስ ምን ብለሃል?» አልኩት።

«አንቺን አላነሣሁም።»

መልሱ ፈጠነብኝ። «ምን ብለሃል?»

«ያዘነበለውን ግድግዳ... በትከሻሽ ደግፈሽ ያቆምሽው አንቺ ነሽ ብያለሁ። ገበያ የወጣሽ ዕለት እኔ እንደምተካሽ።»

ያን ሌሊት ለየብቻ ተኛን።

በማግስቱ ባሌ ጥፋቱን የሚያርምበት ብልሃት አገኘሁ አለ። ያበላሸው ጠጅ ቤት ነውና የሚጠግነውም ጠጅ ቤት ነው፤ ሄዶ የቤቷን እውነተኛ መልክ ይናገራል፣ ወሬው ለነጋዴው ይደርሳል፣ ዋጋው ይነሣል። ሐሳቡ ለእኔም መጥፎ አልመሰለኝም። እዚያ የሆነውን ግን ደላላው ናቸው የነገሩኝ፤ እሳቸው እዚያው ነበሩ።

ባሌ ብርሌውን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና «ቤቴ መልካም ቤት ነው» ብሎ ጀመረ። ጠጅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ጣሪያው ከአንድ ጥግ በቀር አያፈስስም» ሲል አንዱ ጠጁ ትን አለው። «ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ በቱምቢ የተለካ ነው» ሲል ሰዎች ጉልበታቸውን እየመቱ «አቤት! አቤት!» አሉ። በመሐል ተቆጥቶ «እውነቴን ነው! በቁስቋም እምላለሁ!» ብሎ ቢነሣ ጠጅ ቀጂዋ ራሷ በሳቅ ብዛት ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ሲወጣ እየሸኙት «እንደ ዛሬ ተጫውተህ አታውቅም» አሉት። ነጋዴው ከጋኑ አጠገብ ሆኖ ዕንባውን ሲጠርግ ነበር።

ባሌ ቤት መጥቶ ግድግዳ ግድግዳ እያየ ተቀመጠ። አሳዘነኝ። ትንሽ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት።

ሌላ ገዢ ፈለግን። አንድ መሪጌታ መጥተው መስኮቱን ወደዱና ስለ ዋጋው ሲሰሙ ጸሎት እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። አንዲት ጠላ ሻጭ መጥታ «ነፋሱ እውነት ብርድ ልብስ ይገፍፋል?» ብላ ጠየቀችና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። ሰማዩ ደግሞ ከቀን ቀን መጥቆር ጀመረ። በመጨረሻ ደላላው የሳንጃውን ነጋዴ እንደገና ለምነው አመጡት። ሚስቱን ይዞ እንደሚመጣ ላከብን።

በሩ ላይ ቆሜ ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። ሚስቲቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍናለች። ቀረብ ስትል ፊቷን አኮማትራ ነበር፤ ቤት ለመግዛት የመጣች ሴት ሁሉ እንዲህ ያለ ፊት ይዛ እንድትመጣ ባሏ እንደሚመክራት ስለማውቅ አልገረመኝም። ደፍ ላይ ደርሳ ቀና ስትልና ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ግን የተኮማተረው ፊቷ ሁሉ በአንዴ ተፈታ።

«አንቺ ነሽ እንዴ!» አለች።

የማውቃት ሴት ነበረች። በዐቢይ ጾም ቁስቋም ጠበል ስንጠባበቅ ከወይራው ሥር ጎን ለጎን እየተቀመጥን ስንትና ስንት ቀን አውግተናል። የቆላው ንዳድ ይዟት ለጠበል የመጣች ነበረች። ተቃቅፈን ጉንጭ ለጉንጭ ስንሳሳም ሦስቱ ወንዶች እንደ ግንድ ቆመው አዩን።

«ትተዋወቃላችሁ?» አለ ነጋዴው፤ ድምፁ ደስ አላለውም።

ደስ እንደማይለው አሳምሬ አውቃለሁ። ምክንያቱም ሚስቱ ከወይራው ሥር ያልነገረችኝ ነገር አልነበረም። ቄሱም ሐኪሙም ወደ ቆላ እንዳትመለስ እንደነገሯት፣ ባሏ ክረምት ሳይገባ ጎንደር ላይ ቤት ሊገዛላት በማርያም ስም እንደማለላት፣ ለቤትም ብሎ ሺህ ሦስት መቶ ብር ለይቶ እንዳስቀመጠ ሁሉ አጫውታኛለች። ያን ጊዜ እኛ ቤት የመሸጥ ሐሳብ እንኳ አልነበረንም። እሷም እኔም ለማን እንደምናወራ አላወቅንም።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሴቲቱ ከደጁ ቆማ ወደ ታች፣ ከከተማው ባሻገር እያየች «ጣና የታለ?» አለችኝ።

እኔም ለካ ከወይራው ሥር የተናገርኩት አለ። ባሌ በጠጅ ቤት ቤቷን ሲያማ እኔ በጠበሉ ደጅ ሳሞግሳት ከርሜያለሁ። ነፋሱን በበጋ እንኳ ቅቤ እንዳይቀልጥ የሚያደርግ ነፋስ ብዬዋለሁ። ቅዳሴውን ከአልጋዬ ሳልነሣ እሰማዋለሁ ብያለሁ። ይባስ ብዬም ሰማዩ ሲጠራ ከደጃፌ ጣና እንደ ብር ሰሃን ታበራለች ብያታለሁ።

«ዛሬ ጉም ነው» አልኳት።

ሁለታችንም ቀና አልን። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነው፤ ከአዘዞ ማዶ ያለው ዛፍ ሳይቀር ይቆጠራል።

«ጉም» አለች።

«ጉም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር የታመመች መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር። እኔንም ያዘኝ። እጄን ጎተተችና ወንዶቹን እዚያው ጥለን ወደ ማድ ቤት ገባን።

«ስሚኝ እህቴ» አለችኝ ዱካ ላይ ስትቀመጥ። «ባሌ ከጠጅ ቤት እየመጣ ስለ አንድ ቤት ሲያወራልኝ በሳቅ እሞት ነበር። እኔ ደግሞ ከጠበል እየመጣሁ ስለ አንድ ቤት ሳወራለት ይቀናል። አንድ ቤት መሆኑን ማን አወቀ? እስቲ ያንቺ ባል ያለውንና አንቺ ያልሽውን ትተሽ ቤቷን ንገሪኝ።»

ነገርኳት። የሚያፈስሰው ያ ጥግ ብቻ እንደሆነ፣ ሬንጁ በየሁለት ዓመቱ መታደስ እንዳለበት፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢሆንም ነሐሴ ላይ በሰሜን በኩል እንደሚያልበው፣ ቅዳሴው የሚሰማው ነፋሱ ከዚያ ሲመጣ ብቻ እንደሆነ። «አይጦቹስ?» አለች። አይጥ ድሮ እንደነበረና ከድመቷ ወዲህ እንደጠፋ ነገርኳት።

«እንግዲያው ድመቷን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ።»

«ድመቷንማ አልሸጥም።»

«ያለ ድመቷ ዘጠኝ መቶ። ከነድመቷ ሺህ ሁለት መቶ።»

«ሺህ ሦስት መቶ እንዳስቀመጠ ነግረሽኛል።»

«ነግሬሻለሁ። አንቺም ጣና ይታያል ብለሽኛል። መቶውን ለጣና ያዥልኝ።»

ምን እላለሁ? በድመቷ ራስ ማልንና ጨረስን።

ወደ ቤት ስንገባ ወንዶቹ ላብ በላብ ሆነዋል። ባሌ ከሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ አልወርድም ብሎ በአባቱ አጥንት ምሏል፤ ነጋዴው ከሺህ አልወጣም ብሎ ጃንጥላውን ይዞ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። ደላላው በመሐል ድምፃቸው ጠፍቷል።

«አልቋል፤ በሺህ ሁለት መቶ ተስማምተናል» አለች ሚስቲቱ።

ነጋዴው ጣሪያውን፣ ባሌ ወለሉን አየ። ሁለቱ ጠላቶች በአንድ ጊዜ ወዳጅ ሆኑ፤ በእኛ ላይ። «ማድ ቤት ውስጥ ቤት ይሸጣል እንዴ?» አለ ባሌ። «እኔስ ሚስቴ በገዛችልኝ ቤት እንዴት እገባለሁ?» አለ ነጋዴው።

ደላላው ግን የኖሩ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን መታ አደረጉና «እናንተ ሴቶች ምንም አልተናገራችሁም፤ እኛም ምንም አልሰማንም። ወደ ማድ ቤታችሁ ተመለሱ» አሉ። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞረው «እናንተም እዚያው ዋጋ ላይ እስክትደርሱ በደንቡ ተከራከሩ» አሏቸው።

ተመለስንና ከማድ ቤቱ በር ኋላ ጆሯችንን ደገንን። እንደገና ጀመሩ፤ መሐላው፣ መነሣቱ፣ መቀመጡ ሁሉ እንደገና። አንዱ ሃምሳ ይወርዳል፣ ሌላው በብዙ ልመና ሃያ አምስት ይወጣል። የሚደርሱበትን ሁላችንም እያወቅን የሚያልቅ አልመሰለም። በመሐል ባሌ ክርክሩ ሞቀውና የት ላይ መቆም እንዳለበት ረሳው።

«ብቻ ለአንተ ስል፣ ለጨዋታ ወዳጅነታችን ስል፣» ብሎ ጮኸ፣ «ሺህ አንድ መቶ!»

ከበሩ ኋላ ሳልኩ። ሳሌን ሁለት በር የሚሻገር አድርጌ ነው የሳልኩት። ባሌ ቀጥ አለ።

ነጋዴው ወደ ማድ ቤቱ በር አየ፣ ወደ ባሌ አየ። ቢፈልግ ቃሉን ይይዝበት ነበር። «ጆሮዬን ንዳድ ይዞታል፤ ሺህ ሁለት መቶ ነው ያልከው?» አለው።

«ነው» አለ ባሌ።

ተጨባበጡ። ደላላው «እልል በሉ እንጂ!» ብለው ወደ ማድ ቤት ተጣሩና እኛ አሁን ገና የሰማን ይመስል እልል አልን።

ውሉ በሽማግሌ ፊት ተጻፈ፤ የድመቷ ነገር ግን ጸሐፊው አልጽፍም ስላለ በቃል ቀረ። ፀዳ ላይ ጣሪያውን የመታነው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ከአንድ ዘመዴ ጓዳ ተጠግተን ከረምን። የሳንጃዋ ሴት ደጋው ተስማማትና ንዳዱ ለቀቃት። በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትና እናቷ እኔ ሆንኩ፤ በዚያ ሰበብ ያችን ቤት እንደ ዘመድ ቤት ስመላለስባት ኖርኩ። አዲስ ቆርቆሮ አልብሰዋት፣ በደጁ ጽጌረዳ ተክለውባት ነበር።

በክርስትናው ዕለት ከራት በኋላ ተሰናብተን ወጣን። ባሌ ከፊቴ ዳገቱን ሲወርድ ቆየና ከቁስቋም አጥር ስንደርስ «ለካ ሸጋ ቤት ኖሯል» አለኝ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?» ብዬው ነጠላዬን አጣፋሁና መንገዳችንን ቀጠልን።